ሳልሰማ የነቀነቅሁት ራስ

ለምወድሽ ልጄ፣

እኔ አባትሽ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኝ ሰባ አምስተኛውን ይዣለሁ። አሁንም የመኪና ጎማ ብቻዬን እፈታለሁ፣ ብቻዬን አስራለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ቁልፉ ሲበጠስም ራሴ እተክላለሁ፤ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ከዱሮው ጠቧል፣ ፋብሪካው ነው መሰለኝ። ደረጃ ስወጣ ግድግዳ አልደገፍም። ይህን ደብዳቤም በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ጎረቤታችን ባለ ሱቋ «ይንገሩኝና ልጻፍልዎት» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ፊደሌ ቢንጋደድ፣ መስመሩም ሽቅብ ቢወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ መሪና መፍቻ እንጂ እስክሪብቶ ያልጨበጠ እጅ ነውና ታገሺኝ።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? ባለቤትሽ ልብስ ሰፊው እንዴት ነው? ያቺ ወሬኛዋ ልጃችሁስ? የባለቤትሽ እናት ጉልበታቸው ተሻላቸው? ይህን ሁሉ የምደረድረው ለወግ አይደለም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በስልክ «እንደምን አለሽ» እያልኩ ጠይቄሻለሁ፣ አንቺም መልሰሽልኛል፤ እኔ ግን መልሱን አንድም ቀን አልሰማሁትም። እንዴት እንዳልሰማሁት ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ነገሩን ከመኪናዋ ልጀምርልሽ፤ ከሌላ ከጀመርኩት እጄ እምቢ ይለኛል።

መኪናዋን ታውቂያታለሽ። ትልቁን የጭነት መኪና አስረክቤ ጡረታ ስወጣ እኔና እናትሽ የገዛናት ያቺ የደረቀ ሣር የመሰለችው ናት። እናትሽ የሰፋችው ትራስ አሁንም ከጎኔ ወንበር ላይ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ሞተሯ መንኳኳት የጀመረው ባለፈው የዝናብ ወራት ማብቂያ ላይ ነው። ይህን የምልሽ ሰዎች ከነገሩኝ ተነሥቼ እንጂ እኔስ ምንም አልሰማሁም። ባለ ሱቋ በበሯ ሳልፍ «ጋሼ፣ ሙቀጫ ጭነው ነው እንዴ የሚሄዱት?» ብላ ጮሃ ነበር አሉ። እኔ ያየሁት አፏ ሲንቀሳቀስና ስትሥቅ ብቻ ነው። ሰላምታ መስሎኝ እጄን አውለብልቤ አለፍሁ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሹፌር መንገድ ላይ አቁሞኝ ወደ ኮፈኑ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። መኪናዋን ያደነቀልኝ መሰለኝና «አዎ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት» አልኩት። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አሁን ሳስበው ምን እያለኝ እንደነበር ይገባኛል።

ብሮንዚና ምን እንደሆነ ካንቺ አይጠፋም። ልጅ ሳለሽ ያረጀውን ከጋራዥ ሳመጣልሽ የአሻንጉሊትሽ አልጋ ታደርጊው ነበር፤ ያ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፈው ቀጭን ብረት ነው። ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ክንድ አለ፣ ቢዬላ እንለዋለን። ያ ክንድ በብሎን በሚታሰር ክዳን ዘንጉን የሚያቅፈው በብሮንዚናው ላይ ነው። በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን እስካለ ድረስ ሳይነካኩ ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ። ዘይቱ የጎደለ ዕለት ግን ይነካከሳሉ። እንደ ባልና ሚስት ነው እንዳልል እናትሽ ትታዘበኛለች። ሲነካከሱ ደግሞ በዝምታ አይደለም፤ መጀመሪያ ያንኳኳሉ። «አቁም፣ እይልኝ» ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ያቆመ ሰው በትንሽ ይገላገላል። እኔ ሳልሰማ ነዳሁ። ከገበያው በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ ጭስ ሸፈነኝና መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አትክልት ጫኙ ጎረቤታችን በመኪናው በገመድ ጎትቶ ግቢ አስገባልኝ። ስከፍተው አንደኛው ብሮንዚና ቀልጦ እንደ ሰም ፈስሷል፣ ዘንጉም ተፋፍቋል።

ሰው ሁሉ ሽጣት አለኝ። ይህን ሰምቻለሁ፤ የማይፈልጉት ነገር ለደንቆሮም ይሰማል። አልሸጥም አልኩ። የመውለጃ ቀንሽ ደርሶ ነበር፤ ስትወልጂ ጨቅላውን ይዘሽ እንደምትመጪ ባለቤትሽ ጽፎልኛል። ልጄ የአራስ ልጅ ታቅፋ ከአውቶቡስ መናኸሪያ በሰው መኪና አትመጣም፣ እኔው ራሴ እቀበላታለሁ ብዬ ማልኩ። ሞተሩን አወረድኩት። ብቻዬን። ቆርቆሮው ጥላ ሥር እናትሽ ልብስ ታሰጣበት በነበረው ጣውላ ላይ ዕቃውን ሁሉ ዘርግቼ በናፍጣ አጠብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ያን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜ አልነበረም።

ዘንጉን ተሸክሜ ወደ ባለ ቶርኖው፣ ብረት በማሽን ወደሚልጠው ሰውዬ፣ ወሰድኩት። ይህ ሰውዬ ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ የበሩን ስፋት ሳይለካ አይገባም ይሉታል፣ ሰፈሩም ሚሊሜትር ብሎ ነው የሚጠራው። የተፋፋቀውን አስተካክሎ ላጠልኝ። ላጥ ስላደረገውም ከዱሮው ወፈር ያለ ብሮንዚና መግዛት እንዳለብኝ በጣቶቹ መሀል አሳየኝ፤ ያን በዓይኔ ስላየሁት ገባኝ። ከዚያ ዘንጉን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ማሽኑ ከኋላው እየዞረ፣ አንገቱን ደፍቶ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ገባህ ማለቱ እንደሆነ ከዓይኑ አወቅሁ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። ልጄ፣ ይህችን ነቅነቅ ልብ በያት። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የኖርኩት በእሷ ነው። ሰው አፉን ያላውሳል፣ እኔ እነቀንቃለሁ፤ ሰው ይሥቃል፣ እኔ እሥቃለሁ። ያሁን ዘመን ሰው ሲያወራ አፉን አይከፍትም፣ ቃሉን ያኝከዋል እያልኩ በልቤ እወቅሳቸው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል የሰማሁት በደህና ጊዜዬ ነው፤ በእኔ ላይ ግን ከባዳም ባሰ፣ ጥሎኝ ሲሄድ እንኳ አልነገረኝም።

አዲሶቹን ብሮንዚናዎች ዘይት እየቀባሁ ሳለሁ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ከጆሮዬ ለጠፍኩት። አንቺ ነበርሽ። ድምፅሽ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ንብ ነበር የሚመጣልኝ። ቆረጥ ቀጠል ሲል ሳቅ መሰለኝ። ቀኑ ደርሷል እያልኩ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የምውለው፤ ሌላ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። «እሰይ!» አልኩሽ። «እሰይ የእኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ዝም አልሽ። ቀጥሎ ስልኩ ተዘጋ። ደስታው በዝቶባት ነው አልኩና ብሮንዚናዬን መቀባት ቀጠልኩ።

ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። እጄን ታጥቤ ወደ ባለ ሱቋ ሄድኩ፣ ከረሜላ የሞላውን ጠርሙስ እንዳለ ተቀበልኳትና ከበር በር እየዞርኩ አደልኩ። ባለ ሱቋ ፊቴ ድረስ መጥታ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አልሰማሁም ማለት ነው። «ወንድ ነው» አልኳት። በአንድ አፍታ ሰፈሩ ሁሉ የእንኳን ደስ ያለህ ሰፈር ሆነ። ጥግ ላይ ያሉት ባልቴት ያንኑ ሳምንት ነጭ የሹራብ ቆብ ሠርተው ሰጡኝ። ቆቡን በመኪናዋ መስታወት ላይ አንጠለጠልኩት።

አንቺ ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። መጀመሪያ አራስ ናት፣ ጊዜ የላትም አልኩ። ቀኑ ሲገፋ ቅር አለኝ፤ ልጅ ስትታቀፍ አባቷን ረሳች አልኩ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ፤ እሷ ካልደወለች እኔም አልደውልም አልኩ። አኩርፌሽ ነበር ልጄ። በሐዘን ላይ አኩርፌሽ ነበር።

ሞተሩን ገጠምኩት። ስገጥመው በእጅ አልዞር አለ። መዞር ነበረበት፤ የጠበቀ ሞተር እንኳ በረጅም መፍቻ ሲሞክሩት ይዞራል። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይለቃል አልኩ። ማስነሻው ሲያቅተው አትክልት ጫኙን ጠራሁና በገመድ ጎትተህ አስነሣልኝ አልኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ወጣ። መኪናዋ ጥቂት ተንገጫገጨች፣ ተነሣች፣ አጨበጨቡልኝ። መሪውን ይዤ እንደ ሙሽራ ፈገግ አልኩ። የመንገዱ ጫፍ ሳልደርስ ነከሰች። ጎማው ተንጫጭቶ ቆመ፣ ቆቡም ተወዛውዞ ወደቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ዱሮ የተበላሸው አንድ ብሮንዚና ነበር፣ አሁን ግን ሁሉንም ጨረስኳቸው።

ቀጥ ብዬ ወደ ሚሊሜትር ሄድኩ። በደንበኞቹ ፊት «አንተ ሌባ፣ ዘንጌን አበላሽተህ ሰጠኸኝ» አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም፤ አንድ ነገር ተናገረና ዝም ብሎ አየኝ። አልሰማሁትም፣ ግን ስድቤን ቀጠልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ስሄድ ጠራኝ አሉ። አልዞርኩም። ትልቁን መፍቻ ሲሚንቶው ላይ ጣለው አሉ። አሁንም አልዞርኩም። ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና ከሰዎቹ ራቅ አድርጎ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠኝ። እሱም ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ከንፈሩን እያየሁ ነበር፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?» አለኝ።

«እሰማለሁ» አልኩት። «ሰው ነው የማይናገረው።»

በዚህ ይሥቃል ብዬ ነበር፤ አልሣቀም። «የቢዬላዎቹን ክዳን አታቀላቅል አልኩህ» አለኝ። «እያንዳንዱ ክዳን ከገዛ ቢዬላው ጋር ነው የተቦረቦረው፣ ከሌላ ጋር አይገጥምም፣ ስትገጥም አንድ በአንድ ከየራሱ ጋር እየሞከርክ አገናኘው አልኩህ። ራስህን ነቀነቅህልኝ። ላልሰማኸው ነገር ለምን ትነቀንቃለህ?»

ክዳኖቹን አንድ ላይ ባልዲ ውስጥ ከትቼ አጥቤ፣ እጄ እንደገባለት ነበር የገጠምኳቸው። ዕድሜ ልኬን ሞተር ሲፈታና ሲገጠም ያየሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር፤ ግን የነዳኋቸውን መኪኖች ሞተር የሚፈታውና የሚገጥመው ጋራዡ እንጂ እኔ አልነበርኩም። እኔ መሪ ላይ ነበርኩ። ሰው የሚያውቀውንና ሲሠራ ያየውን ለይቶ ካላወቀ እንዲህ ነው።

ወደ ቤት ስሄድ እያንዳንዷን ነቅነቅ እያስታወስኩ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት መጥቶ አጥሩን እያሳየኝ ሲያወራ የነቀነቅሁለት ሰውዬ ላፍርሰው ብሎኝ ይሆን? ሐኪሙስ ባለፈው ሲመረምረኝ ምን ብሎኝ ነበር? እንዲህ እያልኩ፣ እየሣቅሁም ጭምር፣ በራችን ላይ ደረስኩ። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትቼ ሳላዞረው ቆምኩ። ስልኩ ትዝ አለኝ። ያ ሳቅ የመሰለኝ ነገር ትዝ አለኝ። ዝምታሽ ትዝ አለኝ። ቁልፉን እዚያው ትቼ ዞርኩ ልጄ።

ወደ ባለ ሱቋ ሄድኩና ለልጄ ደውይልኝ አልኳት። ስልክ አጥተው ነው ወይ አለችኝ መሰለኝ። «እኔ አልሰማም» አልኳት። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ደወለች። አንቺ አላነሣሽም፣ ባለቤትሽ አነሣው። እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ፊቷን አያለሁ። መጀመሪያ ፈገግታዋ ነበረ፤ ጨቅላው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች መሰለኝ። ቀጥሎ ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፣ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ እኔን አየች፣ ደግሞ ከረሜላው የነበረበትን ባዶ ጠርሙስ አየች። ስልኩን አስቀመጠች። ባንኮኒውን ዞራ መጣችና አፏን ትንሽ ከሚሻለው ጆሮዬ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ልጁ በሕይወት አልተወለደም» አለችኝ። «ያን ቀን ልጅዎ የደወሉልዎት ሊነግሩዎት ነበር። እርስዎ እሰይ አሉ።»

ወንድ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አዎ አለችኝ፣ ወንድ ነበር። ሳላውቅ የዋሸሁት እውነት ሆኖ ተገኘ። ምነው ውሸት በሆነ ኖሮ። ባለቤትሽ ደግሞ አንቺ «አባቴን ምን በድዬው ነው በልጄ ሞት ደስ ያለው?» እያልሽ ሰነበትሽ ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ማልቀስ ፈለግሁ፤ እንባ እምቢ አለኝ። እስካሁንም እምቢ እንዳለኝ ነው። ጉሮሮዬ ላይ እንደ ብሎን ተጣብቆ ቀርቷል፣ አይወጣም አይወርድም።

ልጄ፣ አባትሽ ደስ አላለውም። አባትሽ አልሰማም። ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው፣ ግን አንቺ ካለሽበት ሆነሽ እንዴት ትለያቸው ነበር? እኔ አልሰማም ብዬ ነግሬሽ አላውቅም። ስትደውዪ «ደህና ደህና፣ እንዳሻሽ፣ በይ ሒሳብሽን አትጨርሺ» ብዬ የምዘጋብሽም ስለጠላሁሽ አይደለም። ሁለተኛ ጥያቄ እንዳታነሺብኝ ፈርቼ ነው። ስንት ነገር ጠይቀሽኝ «እንዳሻሽ» ብዬሽ ይሆን? ምን ምን ይሆን አማክሬው አልመለሰልኝም ብለሽ ያለፍሽው?

እናትሽ እያለች ይህ አይሆንም ነበር። እሷ ስልኩን ትቀማኝና «ልጅህ እንዲህ ትላለች» እያለች ጆሮዬ ሥር ትጮህ ነበር፤ እኔ ወሬ ወዳድ ሆና ነው እያልኩ እሥቅባት ነበር። መኪና ውስጥም ያቺ ትራሷ ላይ ተቀምጣ ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋ ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች፣ ሞተሩ ድምፅ ሲያወጣ ደግሞ እጇን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች። ያን ጊዜ ቆሜ እፈትሽ ነበር። ሰው ሁሉ ጆሮህ ይገርማል ይለኝ ነበር። ለካ ጆሮዬ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ለማንም አልተናገረችብኝም። ለእኔም ጭምር አልነገረችኝም፣ እንዳላፍር። አጉል ደበቀችልኝ ብዬ እንዳልወቅሳት እንኳ አጠገቤ የለችም።

ከባለ ሱቋ ቤት ከተመለስኩ በኋላ በሬን ዘግቼ ሰነበትኩ። በሩ ሲንኳኳ አልሰማም፣ ብሰማም አልከፍትም ነበር። አንድ ጧት ግን ግቢው ውስጥ ሰው አየሁ። ሚሊሜትር ነው። አጥሩን ዘሎ ገብቶ የነከሰውን ሞተር ብቻውን እየፈታ ነበር። ወጥቼ ማን ጠራህ አልኩት። ቀና ብሎ ፊቱን ሙሉ አሳየኝና «ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ አልከፈትክም። ሞተርህም እንዳንተው ነው፣ አልከፈትም ብሎኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያናግረኝ ዞሮ ነው፣ ሥራውን አቁሞ፣ ዓይን ለዓይን። ሳልሰማ ስነቀንቅ በመፍቻው እጄን ነካ ያደርገኛል። «ምን አልኩህ? ድገምልኝ» ይለኛል። ትምህርት ቤት ያልገባሁትን ያህል አስደገመኝ።

ዘንጉን ዳግም ላጠው። ከዚህ በኋላ መላጥ የለም፣ ይህች የመጨረሻዋ ናት አለኝ፤ ደገምኩለት። የዘይቱን መተላለፊያ ቀዳዳዎች በሽቦና በናፍጣ ጠረግናቸው፤ መጀመሪያ የጎዳን እዚያ የተጠራቀመው ዝቃጭ ነበር። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከየቢዬላቸው ጋር እየሞከረ አገናኛቸው፣ የተጎዱትን ሁለቱን ለክቶ ቦረቦራቸው፣ በየራሳቸው ላይም በትንሽ መሮ ነጥብ መታባቸው፣ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ እያለ። አንዱን ብሎን ባሰርን ቁጥር ዘንጉን በእጅ እናዞራለን። ለስለስ ብሎ ዞረልን። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ደስታ አይደለም። ለማን ነው የምሠራው እያልኩ ነበር የማስረው። የምንቀበለው ጨቅላ የለ።

ሞተሩ ሲነሣ ሚሊሜትር ረጅሙን ካቻቢቴ፣ የብሎን መፍቻውን፣ ሰጠኝ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አስደገፈኝ። ዱሮ መካኒኮች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ ለእኔ እንደሚሆን ግን አላሰብኩም። ሰማሁት ልጄ። በጆሮዬ ሳይሆን በአጥንቴ። ወጥ የሆነ፣ የማያቋርጥ፣ ሰው ተኝቶ እንደሚተነፍሰው ዓይነት ድምፅ። መንኳኳት የለም። ካቻቢቴውን ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ሚሊሜትርም አልቸኮለብኝም። ስልክሽን እንዲህ አጥንቴ ላይ አስደግፌው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነበር። የፈሰሰ ውኃ ባይታፈስም ሰው ማሰቡን አይተውም።

ቁልፉን ለሚሊሜትር ሰጥቼዋለሁ። ሞተሩ እስኪላመድ እሱ ቀስ እያለ ይነዳልኛል። እኔ የጆሮ ሐኪም እስኪያየኝ መሪ አልይዝም ብያለሁ። ከገባኝ ዕለት ጀምሮ ያን ዳገት ስወጣ ከኋላዬ ስንት ሰው ጡሩምባ ነፍቶ፣ ስንት ልጅ ጮሆ ይሆን እያልኩ እበረግጋለሁ። ይህን ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ አልነግርሽም። መቼም አባትሽ በሰው መኪና ሲሄድ ማየት ለጠላቶቼ ሠርግ ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለባለቤትሽ ለልብስ ሰፊው፣ በክፉ ቀን ከጎንሽ ስለቆመ፣ ደግሞም ለባለ ሱቋ እውነቱን ሳይሸሽግ ስለነገራት ሰላም በይልኝ። የባለቤትሽን እናት ጉልበታቸውን ይማርልኝ። ወሬኛዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ በስልክ ዝም የሚልሽ ወሬሽ ስለሰለቸው አይደለም፣ ስመጣ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ጮክ ብለሽ ታወሪለታለሽ በያት። ከዚያ ደግሞ ስም ሳይወጣለት የሄደውን፣ እኔ ለሰፈር ሁሉ መጥቷል ያልኩትን፣ እሱንም ሰላም ብያለሁ። የት እንደምታደርሺልኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ዕዳዬን ልንገርሽና ላብቃ። ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም፣ ሁሉንም በገዛ እግሬ ሄጄ ነው የምከፍለው። ሚሊሜትርን ሌባ ያልኩት በደንበኞቹ ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በእነዚያው ፊት እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ተወው ቢለኝም አልተወውም። ከረሜላ ያደልኩበትን በር ሁሉ እየዞርኩ ወሬዬን እመልሳለሁ፤ ብዙውን ዞሬዋለሁ፣ የቀሩኝ ቆቡን የሠሩት ባልቴት ናቸው፣ እሳቸው ዘንድ እግሬ እየተጎተተብኝ ነው። ቆቡን ልመልስላቸው ወይስ ላንቺ ላምጣልሽ? ጻፊልኝ። እናትሽ መቃብር ሄጄ ጆሮዬ እንደነበረች አውቄያለሁ እላታለሁ፤ ትሥቅብኛለች። በስልክ ጠይቀሽኝ እንዳሻሽ ያልኩሽን ሁሉ አስታውሰሽ ብትጽፊልኝ አንድ በአንድ እመልስልሻለሁ፣ ጊዜው ያለፈበትንም ጭምር።

የመጨረሻው ዕዳ ያንቺው ነው። አንቺ እያለቀስሽ እኔ እሰይ ብያለሁ። ያን ቀን አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ። ይህ በደብዳቤ የሚከፈል አይደለም፣ ሰው ልኬም የማስከፍለው አይደለም። ፈቃድሽ ከሆነ በአውቶቡስ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ እመጣለሁ፤ አጠገብሽ እስክደርስ ድረስም ጉሮሮዬ ላይ የተጣበቀውን እንደያዝኩት እቆያለሁ፤ እዚያ ራሴ አለቅሰዋለሁ።

አባትሽ

ከግቢያችን፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር
እሑድ ረፋድ ላይ፣ መጋቢት ፯ ቀን